ገንዘብ አያያዝን ከመጽሐፍና ከደብተር ስለ መማር

በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤናና ስለ ስፖርት ብዙ ተጽፏል፤ ግጥምም ጠፍቶ አያውቅም። ስለ ገንዘብ አያያዝ የጻፈ ተማሪ ግን እስካሁን አላየሁም። ምክንያቱ የሚገባኝ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ ልጅ ስለ ገንዘብ ሲናገር ደስ አያሰኝም፤ «ገና ሠርተህ ሳትበላ ስለ ብር ምን አገባህ?» ይባላል። ከዚህም ሌላ፣ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚያስፈልግ መስሎ የሚታያቸው ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። ብዙ ያለው ሰው መቶ ብር ቢጠፋበት እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጥቂት ያለው ግን የጠፋውን መቶ ብር የሚከፍለው ከልጆቹ እራት ላይ ቀንሶ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼና ወላጆቻችን ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደ ሆነ በማለት፣ ባለፈው ዓመትና በዚህ ዓመት ያነበብሁትንና በቤታችን ተሞክሮ ያየሁትን እጽፋለሁ።

እናቴ በደሴ ከተማ በምንኖርበት ሰፈር አነስተኛ ሱቅ አላት። አባቴ አናጢ ናቸው፤ ሥራ በተገኘ ጊዜ ይሠራሉ፣ በሌለ ጊዜ ሱቁን ያግዛሉ። እኛ ልጆቹ አራት ነን። እናቴ ዘወትር የምታነሣው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ይኸውም፦ «ቀኑን ሙሉ ስሸጥ እውላለሁ፤ በኪሳራም አልሸጥሁም፤ ዕቃ ለማምጣት ስነሣ ግን ብሩ አይበቃኝም። የት ነው የሚገባው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ፣ «ብር የት እንደሚገባ የሚናገር መጽሐፍ» አልኋቸው። ሣቁና አንድ ክምር መጽሐፍ ከፊቴ አኖሩልኝ።

ከክምሩ ውስጥ የሚበዙት ከውጭ ቋንቋ የተተረጐሙና በቶሎ ባለጸጋ ስለ መሆን የሚናገሩ ነበሩ። ብዙዎቻችን እነዚህን መጻሕፍት በየመንገዱ ተዘርግተው ስለምናያቸው እናውቃቸዋለን። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ልብን ያሞቃሉ እንጂ ሒሳብ አያስተምሩም። «አስተሳሰብህን ለውጥ» ይላሉ፤ ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ልጆቹን በዚያችው ገቢ እንዴት እንደሚያሳድግ ግን አንድም ገጽ አይሰጡትም። አንድ መጽሐፍ ስለ ገንዘብ ሁለት መቶ ገጽ ጽፎ አንዲት የመደመርና የመቀነስ ምሳሌ ከሌለችው፣ እኔ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ከእነዚህ የሚሻል ሆኖ ያገኘሁት ጆርጅ ክላሰን የሚባል አሜሪካዊ ስለ ጥንታዊት ባቢሎን ባለጸጎች በተረት መልክ የጻፈው ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ከምታገኘው ሁሉ ከዐሥር አንዱን እጅ አስቀድመህ ለራስህ አስቀር፣ ወጪህን በቀረው አድርግ ይላል። ዐሥራት ማውጣትን ለሚያውቅ ለእኛ ሕዝብ ይህ አዲስ አሳብ አይደለም፤ ልዩነቱ ዐሥራቱ ለራስ መሆኑ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ክላሰን እነዚህን ተረቶች በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያወጣ፣ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በትንንሽ መጽሐፍ መልክ ለደንበኞቻቸው ያድሏቸው ነበር። ባንክ የሚያድለው መጽሐፍ «አስቀምጥ» ማለቱ አያስደንቅም። ምክሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም ስለ ገንዘብ የተጻፈ ማናቸውንም ነገር ስናነብ፣ የጻፈው ማን ነው? እኔ ባምነው የሚጠቀመውስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ይህ ጥያቄ በኋላ እንዴት እንደ ጠቀመን እነግራችኋለሁ።

ከአገራችን መጻሕፍት ደግሞ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አገኘሁ። መጽሐፉ ደራሲው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ስለ ቤት ወጪ የሚናገር አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንዴት እንደሚገኝ፣ ንግድና ገንዘብም በአገር ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ የሚያስረዳ ነው። ለጀማሪ ይከብዳል፤ እኔም አንዳንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ መላልሼ አንብቤዋለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር መጻፉን ማወቅ ግን ደስ ያሰኛል። በእናቴ ሱቅ ውስጥ ያለው የስኳር ዋጋ በእናቴ ሱቅ ውስጥ እንደማይወሰን ያስገነዘበኝ ይህ መጽሐፍ ነው።

ለእናቴ ጥያቄ መልስ የሰጠኝ ግን ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የጣልያን አገር መነኵሴና የሒሳብ መምህር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ አንድ ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የሊቃውንት ቋንቋ ላቲን ሲሆን፣ እሱ ግን ነጋዴ ሁሉ እንዲያነበው ሕዝቡ በሚናገርበት በጣልያንኛ ጻፈው። በመጽሐፉ ውስጥ አንደኛው ክፍል የቬኒስ ነጋዴዎች ሒሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ይገልጻል። ዘዴውን እኔ ፈጠርሁት አላለም፤ ነጋዴዎቹ የሚሠሩበትን አየና ጻፈው።

ፓቾሊ የሚገልጻቸው መዝገቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የማስታወሻ መዝገብ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሁሉ የሆነውን ነገር ልክ በሆነበት ሰዓት ያለ ሥርዐት የሚጽፍበት ነው። ሁለተኛው የየዕለቱ መዝገብ ነው፤ በማስታወሻው ላይ የተዝረከረከው በቀኑ ተራ ተስተካክሎ ይገለበጥበታል። ሦስተኛው ዋናው መዝገብ ሲሆን፣ በዚህ ላይ እያንዳንዱ ነገር በየወገኑ ይለያል፤ የዕዳው ለብቻ፣ የዕቃው ለብቻ፣ የቤቱ ወጪ ለብቻ ማለት ነው። ለእኔ ትልቅ መስሎ የታየኝ የመጀመሪያው ነው። ሰው መዝገብ መያዝ የሚያቅተው አሳምሮ ለመጻፍ ስለሚፈልግ ነውና፣ ለዝርክርኩ ጽሑፍ የራሱ ቦታ ከተሰጠው ሥራው ይቀላል።

በጃፓንም እንዲሁ ሐኒ ሞቶኮ የምትባል ጋዜጠኛ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ለቤት እመቤቶች የሚሆን የቤት ሒሳብ መዝገብ አዘጋጅታ አሳትማ ነበር። የእርሷ መዝገብ የወጣውን ብቻ ሳይሆን፣ ወሩ ሳይገባ ለምግብ ይህን ያህል፣ ለልጆች ትምህርት ይህን ያህል ብሎ አስቀድሞ መወሰንን የሚያስለምድ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ በጃፓን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። መነኵሴው ለነጋዴ፣ ጋዜጠኛዋ ለቤት ጻፉ፤ የእኛ ሱቅ ደግሞ ነጋዴም ቤትም ስለ ሆነ ሁለቱንም አጣምረን ያዝን።

ሦስት ደብተር ገዛን። አንደኛው በሱቁ መስኮት አጠገብ እስክሪብቶ ታስሮበት ይቀመጣል፤ የሚሸጠውም የሚወጣውም እዚያው ይጻፋል፤ የዐሥር ዓመቱ ወንድሜ ሳይቀር ይጽፍበታል። ማታ ማታ እኔ በሁለተኛው ላይ እገለብጣለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አባቴና እኔ በሦስተኛው ላይ በየወገኑ እንለያለን። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ይህ ሁሉ ወረቀት ለአንዲት ሱቅ?» ብላ ነበር፤ ሆኖም አልከለከለችንም።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የተገኘው ሒሳብ ይህ ነው። በወሩ የተሸጠው ዕቃ 31,000 ብር ነበር። ያ ዕቃ ሲገዛ የፈጀው 27,000 ብር ስለሆነ 4,000 ብር ትርፍ አለ ማለት ነው። እናቴ በኪሳራ አልሸጥሁም ማለቷ ልክ ነበር። ነገር ግን ከተሸጠው ውስጥ በዱቤ ሄዶ በወሩ ያልተመለሰው 2,500 ብር ነው። ስለዚህ በእጅ የገባው 28,500 ብር ብቻ ሆነ። ከዚህም በላይ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው ከመደርደሪያው ላይ ወደ ጓዳችን ሲገባ ማንም አይቈጥረውም ነበር፤ በደብተሩ ላይ ሲጻፍ በወር 1,850 ብር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሱቁን እንደ ነበረ ለመሙላት 27,000ና 1,850፣ በድምሩ 28,850 ብር ያስፈልጋል፤ ያለው 28,500 ነው። እያተረፈች 350 ብር ጐደለባት። ያን ማታ እናቴ ደብተሩን ተቀብላ ለብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና፣ «ለካ ሌባ የለም» አለች።

ከዚህም ሌላ ደብተሩ ያሳየን አንድ ስውር ነገር ነበር። እናቴ አንድን ሳሙና በ26 ብር ገዝታ በ30 ትሸጣለች እንበል። መቶ ሳሙና ስትሸጥ 3,000 ብር ታገኛለች፤ 400 ብር አተረፍሁ ትላለች። ወደ ጅምላ ሻጩ ስትመለስ ግን የሳሙናው ዋጋ 31 ብር ሆኖ ይጠብቃታል። በ3,000 ብር የምትገዛው 96 ሳሙና ብቻ ነው። በብር ሲቈጠር አተረፈች፤ በሳሙና ሲቈጠር አራት ሳሙና ከሰረች። ዋጋ በሚወጣበት ዘመን አንድ ነጋዴ የመሸጫ ዋጋውን መወሰን ያለበት ዕቃውን በገዛበት ሳይሆን መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ነው። ይህን ነገር በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ሰምተነዋል፤ ሳሙናው ሲጐድል እስካይ ድረስ ግን እኔም አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ በቤታችን ሦስት ነገር ተወሰነ። ወደ ጓዳ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከአባቴ ገቢ ላይ ተከፍሎበት ይገባል። ጅምላ ሻጩ በየሳምንቱ በስልክ እየተጠየቀ ዋጋው ይስተካከላል። ዱቤም ለአንድ ቤት ከ500 ብር አያልፍም፤ የፊተኛው ሳይከፈል አዲስ አይሰጥም። በዚህ በሦስተኛው ላይ ግን ክርክር ነበረን። እኔ ዱቤ ፈጽሞ ይቅር ብዬ ነበር፤ እናቴ እሺ አላለችም። «ጎረቤት የሚገዛኝ ስለማምነው ነው» አለች። እውነትም ዱቤ ንግድ ብቻ አይደለም፤ እኛም ችግር ባገኘን ጊዜ ከሰው ዱቤ በልተናል። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ዛሬም ከ500ው ወሰን ውጭ ናቸው፤ የእሳቸው ዱቤ በደብተሩ ላይ «የእማማ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል፤ እናቴም አትደምረውም። ይህን የሚያስተምር የሒሳብ መጽሐፍ አላገኘሁም፤ የሚቃወምም ቢኖር አልሰማውም።

ከፓቾሊ መጽሐፍ ጋር የተያያዘ ሌላ ዕውቀት የሰጡን የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ገንዘብ በወለድ ሲያድግ ስንት ዓመት ቆይቶ እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ፣ 72ን በወለዱ መጠን ማካፈል ነው። ፓቾሊ ይህን ደንብ በዚያው በ1494ቱ መጽሐፍ ጠቅሶታል። ለምሳሌ ያህል ወለዱ በዓመት ከመቶ 6 ቢሆን፣ 72 ለ6 ሲካፈል 12 ነውና ገንዘቡ በ12 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ደንቡ ግምት ነው፤ ወለዱ ከመቶ 5 እስከ 10 ሲሆን ለትክክለኛው በጣም ይቀርባል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጥቂት ይስታል። ለገበያ ሰው ግን ይበቃል፤ ወረቀትም አይፈልግም።

ደንቡ ለሚያድግ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለሚወጣ ዋጋም ይሠራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቍጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ እንዲል አደረገ። በከመቶ 7 ገንዘብ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 30 በላይ ጨምሮ ነበር። ዋጋ በየዓመቱ እንደዚያ ቢጨምር፣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ ሰው 1,000 ብር ባንክ አስቀምጦ ከዓመት በኋላ 1,070 ብር ቢቀበል፣ በ1,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ቢገባ፣ ያ ሰው ብሩ በዝቶለት ዕቃው ጐድሎበታል ማለት ነው። አምና አንድ ኩንታል የሚገዛበት ዘንድሮ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ይገዛለታል።

ይህን ስል ባንክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ገንዘቡን በባንክ ያኖረ ሰው አንድም ሥጋት አልነበረበትም፤ በሣጥን ያኖረው ግን ተሸክሞ መሰለፍ ነበረበት። በዚያው በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በደንብ ተቋቁሟል፤ ይኸውም ባንክ ቢወድቅ እንኳ አስቀማጩ እስከ ተወሰነ መጠን ገንዘቡን እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ወለድ መቀበል ሃይማኖታቸው ለማይፈቅድላቸው ጓደኞቻችንም ከወለድ ነጻ የሆነ የባንክ አገልግሎት አለ። እንግዲህ ባንክ ገንዘብን ከሌባና ከእሳት ይጠብቃል፤ ከዋጋ መውጣት ግን በሙሉ አይጠብቅም። ለመጪው ዓመት ትምህርት የሚሆን ብር ባንክ ቢቀመጥ ደግ ነው፤ ለዐሥር ዓመት የሚታሰብ ሀብት ግን ሌላ መላ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ስለምናውቀው ስለ ዕቍብ ልናገር። የእናቴ ዕቍብ አርባ ሰው ያለበት ሲሆን በየሳምንቱ 500 ብር ይጣላል፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ 20,000 ብር ይቀበላል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ተጽፎ የተያዘ ሕግም አለው። ሁሉም የሚከፍለው እኩል ነው፤ የሚቀበለውም እኩል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል የሚጠቀም ይመስላል። ከላይ ባየነው መንገድ ስናስበው ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ብድር አገኘ፤ በአርባኛው የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 የሚጨምር ቢሆን፣ በአርባ ሳምንት ውስጥ ከመቶ 23 ያህል ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው ሰው 20,000 ብር የሚገዛለት የመጀመሪያው ሰው በ16,300 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። አንዳንድ ሰዎች የወጣላቸውን ዕጣ ለሌላ ሸጠው ጥቂት ብር መቀበላቸው ለብዙዎች ነውር መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን በሒሳብ ስመለከተው ተራ ራሱ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን አየሁ። ይሁን እንጂ ዕቍብ በወለድ የማይገኝ ጥቅም አለው። እናቴ ለራሷ ብቻ 500 ብር በየሳምንቱ አስቀምጪ ብትባል አታስቀምጥም ነበር፤ ዳኛው ፊት ማፈርን ስለምትፈራ ግን አንድም ሳምንት አላለፋትም።

የእናቴ ዕጣ በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ወጣ። በዚያው ሳምንት አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልቡ ደግ፣ ምላሱም ጣፋጭ ነው። «እትዬ፣» አላት፣ «ይህን ብር በሳሙና ላይ አታባክኚው። እኔ ገንዘቤን የሰጠሁበት አንድ ድርጅት አለ፤ በየሳምንቱ ከመቶ ዐሥር ይከፍላል። ይኸው የሁለት ሳምንቴን ተቀብያለሁ» ብሎ ደረሰኙን በስልኩ ላይ አሳያት። እውነትም ተቀብሏል። እሱ 15,000 ብር አስገብቶ በሳምንት 1,500 ያገኝ ነበር። የድርጅቱንም ማስታወቂያ አመጣልን፤ ባለ ቀለምና ጥሩ ወረቀት ነው።

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንብበው እስቲ» አለችኝ። አነበብሁት። ትርፉ ከምን ሥራ እንደሚገኝ በስምንቱ ገጽ ውስጥ የለም። ከዚያም 72ን ለ10 አካፈልሁ፤ ከሰባት ጥቂት ይበልጣል። ትርፉ ሳይወጣ እዚያው ቢቆይ ገንዘቡ በየሰባት ሳምንቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአጎቴ ፊት በደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፍሁት፤ 20,000፣ 40,000፣ 80,000፣ 160,000፣ 320,000፣ 640,000፣ 1,280,000፣ 2,560,000። ሰባት ጊዜ ሲታጠፍ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ሰባት ጊዜ ቢታጠፍ ከሦስት መቶ ሚሊዮን ብር ያልፋል። አባቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ይህን ያህል የሚያተርፍ ሥራ ያገኘ ሰው የእኛን ሃያ ሺህ ብር ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ከዚህም ሌላ ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ አንብቤ ነበር፤ ባንኩም ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩን ፈለግን፤ የድርጅቱ ስም የለበትም።

በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁት ሌላ ታሪክ ደግሞ ነገሩን ግልጽ አደረገው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1920 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን ከመቶ 50 ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ። በተለያዩ አገሮች የሚሸጥ የፖስታ ኩፖን ነግጄ ነው የማተርፈው ይል ነበር። እንዲያ የመሰለ ንግድ ግን አልነበረውም ለማለት ይቻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚከፍላቸው ከኋለኞቹ የተቀበለውን ነው። አዲስ ሰው እስከ መጣ ድረስ ሁሉም ይከፈለዋል፤ የተከፈለውም በደስታ ዘመዱን ይጠራል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ነገሩ ፈረሰ። ፖንዚ የተናገረውን ሒሳብ ብንሠራው፣ መቶ ዶላር በዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ተኩል በተኩል እየጨመረ ከ2,500 ዶላር ያልፋል። ፖንዚም እንደ ፓቾሊ የጣልያን ተወላጅ ነበር፤ የማታለሉን መመርመሪያ አንዱ ሌላው ከመነሣቱ ከ400 ዓመት በፊት ጽፎት ነበር።

ስለዚህ አጎቴ የተቀበለው ደረሰኝ እውነተኛ መሆኑ ድርጅቱ እውነተኛ መሆኑን አያስረዳም። ይህ ነጥብ ለብዙ ሰው አይታይም፤ «በዓይኔ ያየሁትን!» ይላል። እናቴ ብሩን አልሰጠችም። አጎቴ ጥቂት ተቀየመ፤ እሱ እንኳ የራሱን ሊያወጣ አልፈለገም። አምስት ሳምንት ተቀበለ፤ በስድስተኛው «ሥርዐቱ እየተስተካከለ ነው፣ ታገሡ» ተባለ፤ በስምንተኛው ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ። ካስገባው 15,000 ውስጥ 7,500 ብር ቀረበት። ይህን የምጽፈው ራሱ አጎቴ ፈቅዶልኝ ነው፤ «ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ጻፈው» ብሎኛል።

ማንበብ ለሚፈልጉ ጓደኞቼ ጥቂት ልጠቁም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ጨመረ የሚያሳይ መግለጫ በየወሩ ያወጣል። ሠንጠረዡ ሲያዩት ያስፈራል፤ ነገር ግን «ምግብ» የሚለውን መሥመር ብቻ ፈልጎ ከባንክ ወለድ ጋር ማስተያየት ለእኛ ይበቃናል። የራሳችን የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ባንክ የሚናገርባቸውን ምዕራፎች ለፈተና ብቻ ሳይሆን የቤትን ሒሳብ ይዞ ማንበብ ሌላ ጣዕም አለው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ወመዘክርን ወይም በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ይጎብኝ። ባንክ ሒሳብ ሲከፈት የሚፈረምበትን ወረቀት፣ በስልክ ብድር ሲወሰድም የሚመጣውን የውል ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ደግሞ ከማንኛውም መጽሐፍ ይቅደም። በተለይ የብድሩ ክፍያ በቀን የተጻፈ እንደ ሆነ በሠላሳ፣ ቀጥሎም በዐሥራ ሁለት አባዝታችሁ ተመልከቱት፤ ትንሽ የነበረው ቍጥር ምን ያህል እንደሚያድግ ታያላችሁ።

የዕቍቡ 20,000 ብር እንዲህ ሆነ። 2,000 ብር በክላሰን ምክር መሠረት ለመጪው ዓመት ትምህርታችን በባንክ ተቀመጠ። በ12,000 ብር እናቴ የማይበላሽ ዕቃ፣ ሳሙናና ጨው ክብሪትም ጭምር፣ ዋጋው ሳይወጣ በጅምላ ገዛች። በቀረው 6,000 ብር አባቴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያገለገለ የእንጨት መላጊያ ገዙ። ከዚያ በፊት ለመላጊያ ወደ ሌላ ሰው ቤት እየወሰዱ ይከፍሉ ነበር። የመላጊያው ሒሳብ በሦስተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ለብቻው ተይዟል፤ አባቴ ራሳቸው ይጽፉታል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 3,450 ብር መልሷል።